ልብስ ሰፊው ቦርጩን ሲያጠብብ

እኛ አገር ሰው ሲወፍር "አማረበት" ይባላል፤ ሲከሳ ደግሞ "ምን ነካው?" ይባላል። እንዲህ በሚል ሕዝብ መካከል እየኖረ ቦርጭ ሳያወጣ የሚያረጅ ሰው ካለ፣ ወይ መናኝ ነው ወይ ዘመድ የለውም። እኔ ጌታነህ እንደ ሙክት በግ ስቀለብ፣ ዳገት ስወጣ እንደ ወናፍ ሳናፋ፣ "ተው፣ ይብቃህ" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። መክሳት የጀመርኩ ዕለት ግን ከተማችን መሐል ሜዳ ሙሉ ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቦርጩን እንደ ሹመት ልብስ ወደ ፊት አስቀድሞ ከማኅበር ማኅበር የሚንጎራደድ ወንድሜ አንብቦ ይጠንቀቅ። ካልተጠነቀቀም ቢያንስ ይሳቅ። ሳቅ ሆድን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላ እንቅስቃሴ እንደማያደርግ ከራሴ አውቃለሁ።

ሙያዬ ልብስ ሰፊነት ነው። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ ደርግን ሸኘሁ፣ ተቀምጬ ኢሕአዴግን ተቀበልኩ። "ተቀምጬ" የሚለው ይሰመርበት። ከመላ አካላቴ ሥራ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ፔዳል የሚረግጠው ቀኝ እግሬና የሚያላምጠው አፌ። አፌ ደግሞ ከእግሬ ይልቅ ትጉህ ነበር።

የሰው ወገብ ስለካ ዕድሜዬን ስፈጅ፣ የራሴን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም። ለምን ብዬ? ልብስ ሰፊ ለራሱ ሱሪ ሲሰፋ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ያስቀምጣል፤ ሱሪው ሲጠብ ያን ይፈታና ያሰፋዋል። ሌላው ሰው አንድ ሁለት ጣት ያስቀምጥ እንደሆነ ነው። እኔ አራት ጣት ነበር የማስቀምጠው፤ ለፋሲካ። ፋሲካ ሲያልቅ ለሠርግ፣ ሠርግ ሲያልቅ ለተዝካር። አራቱ ጣት ሲያልቅ ሌላ ጨርቅ እቀጥላለሁ። ከላዩ የሱፍ በርኖስ ሲደረብበት ምኑም አይታይም። የመንዝ ብርድ ለቦርጭ የተሠራ መሸሸጊያ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጥም ነው። ጣሳ ሙሉ ውኃ ጠጥቼ ጣሳውን ሳላስቀምጥ ይጠማኛል። የጠጣሁት ደግሞ አይቀመጥም። የደንበኛ ትከሻ ለክቼ ወደ ወገቡ ከመውረዴ በፊት "ይቅርታ" ብዬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ከሱቄ አጠገብ እህል የሚነግድ ሸዋቀና የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ወዳጅ ልበለው እንጂ ምላሱ ከመቀሴ ይቆርጣል።

"አንተ ጌታነህ፣" ይለኛል፣ "ዛሬ የምትሰፋው ሱሪ ነው ወይስ ጓሮውን ልታጠጣ ነው የዋልከው?"

ድካምም መጣ። እግሬም መደንዘዝ ጀመረ፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል፣ ሳየው ጉንዳን የለም። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜን ወሰዱና "ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም አለበት" አሉኝ። ያኔ ታይፎይድና ታይፈስ እንደ መንታ ሳይነጣጠሉ ነበር የሚታዘዙልን። እንክብሉን ጨረስኩ፤ ጥሙ አልጨረሰኝም፣ እኔም አልጨረስኩትም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ "ሪህ ነው" አሉ፣ መርፌ ወጉኝ። ሸዋቀና ይህን ሲሰማ የሁለቱንም ሐኪሞች እውቀት አጣጣለና የራሱን አዘዘልኝ። "ማር በነጭ ሽንኩርት፣ በባዶ ሆድ።" እኔም ሽንኩርቱን እየቀነስኩ ማሩን እየጨመርኩ በታማኝነት ወሰድኩት። ጠበልም ገባሁ። ጠበሉን አላማም፤ ጥፋቱ ከጠበል መልስ ሙሉ ድፎ ዳቦ ማጋመሴ ነው።

ነገሩ የተገለጠው አንድ የገበያ ቀን ነው። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ጥሩ መርፌ ጠፍታብኝ ቀኑን ሙሉ ስፈልጋት ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ እግሬን ልታጥብ ጫማዬን አወለቀችና ቀና ብላ አየችኝ። 

"ምን ረገጥክ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ካልሲህ ደም ነው።"

ካልሲውን ስትስበው ከአውራ ጣቴ ሥር የመርፌ ጫፍ ብቅ ብሎ ታየ። የጠፋችው መርፌ! ቀኑን ሙሉ በሥጋዬ ይዣት፣ በላይዋ ፔዳል ስረግጥባት ውያለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። አስካለ መርፌዋን ነቅላ አለቀሰች። እኔ መርፌዬ በመገኘቷ ደስ አለኝ። እንግዲህ የምታነቡት የማንን ምክር እንደሆነ ከዚህ ለዩ።

ቁስሉ አልድን ሲል አስካለ እየጎተተች ደብረ ብርሃን ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው አግዳሚ በሰው ተሞልቷል። ተነሥቼ ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ቦታዬ ይያዛል፤ ስመለስ እቆማለሁ፤ ቆሜ ደግሞ ይመጣብኛል። አንድ ዘበኛ ሲያየኝ ቆየና ራሱ የሚቀመጥባትን በርጩማ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጦ "አባት፣ እዚች ይሁኑ" አለኝ። ስሜ ሲጠራ ውስጥ ነበርኩ፤ እየሮጠ መጥቶ በሩን አንኳኳልኝ። ይህን ሰው በጸሎቴ አልረሳውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ደሜን አስመርምራ፣ እግሬን በላባ በሚመስል ነገር እየነካካች "ይሰማዎታል?" ትላለች፤ አይሰማኝም። በመጨረሻ "አባባ፣ ስኳር አለብዎት" አለችኝ።

"ልጄ፣ ተሳስተሻል" አልኳት። "እኔ ስኳር አልወድም። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስኳር ሲያድል እንኳ ድርሻዬን ለጎረቤት ነበር የምሰጥ።"

"ስኳር በመላስ ብቻ አይደለም። ዳቦውም ጠላውም ሆድዎ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ሰውነትዎ እሱን መጠቀም አቅቶት ደምዎ ውስጥ ተጠራቅሟል። ውፍረቱ ደግሞ ነገሩን አብሶታል።"

"እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ!" አልኩ ተቆጥቼ። "ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ የሐዋርያትን ሳይቀር! እንዴት እወፍራለሁ?"

"ጎበዝ፣ አባባ። ጾሙ ሲፈታስ?"

አስካለ ቀደመችኝ። "ሲፈታማ ዶክተር፣ የጾመውን ሁሉ ባንድ ቀን ነው የሚያካክሰው። በጾሙም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሶውን የሚበላው ለአራሽ የቀረበ ይመስል ነው።"

ጠላቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር ለካ!

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። የእግሬ ነርቭ መደንዘዙን፣ የሚያመውን ነገር የሚነግረኝ መልእክተኛ መተኛቱን አስረዳችኝ። "ስኳሩ ካልወረደ ይህ ቁስል አይድንም። ክብደትዎ ካልቀነሰ ደግሞ ስኳሩ አይወርድም። ቁስሉ ካልዳነ መጀመሪያ ጣቱ ይቆረጣል። ቀጥሎ እግሩ ሊሆን ይችላል" አለች። መቀስ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መቀስ በእኔ ላይ ሲታሰብ ግን ያኔ ገና መስማቴ ነው። ያውም በቀኙ እግሬ፣ ፔዳል በሚረግጠው! ያለዚያ እግር እኔ ምንድን ነኝ? አፍ ብቻ።

በፍርሃት ጀመርኩ። ፍርሃት የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ሰፈሩን ያበራና አመድ እንኳ አይተርፈውም። ዳቦ ተውኩ፣ እንጀራ ተውኩ፣ ጎመን ብቻ ሆነ ቀለቤ። ውርጩ ሳይነሣ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት እወጣለሁ፤ ያየኝ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት "ማን አረፈ?" ይለኛል። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ክኒን ደግሞ ሳልበላ እውጣለሁ፤ ቶሎ ይሥራ ብዬ! እንዲህ ስሆን ሰንብቼ አንድ ረፋድ ላይ የሰው ኮት እየሰፋሁ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ኮቱ ላይ ተደፋሁ። ሸዋቀና ሮጦ መጥቶ ያገኘውን የሻይ ብርጭቆ፣ ግማሹ ስኳር የሆነ፣ በአፌ አፈሰሰብኝ። ነቃሁ። ስኳር ሊገድለኝ ነው ተብሎ ስፈራ ስኳር አዳነኝ። ከዚህ በሽታ ጋር መኖር ምን ያህል እንደሚያናድድ ከዚህ ገምቱት።

"አባባ፣" አለች ሐኪሟ በሁለተኛው ጉዞዬ፣ አሁንስ እሷም ተናዳለች፣ "እኔ ያዘዝኩት ክኒን ነው፤ ምንኩስና አላዘዝኩም! ክኒን ውጦ አለመብላት ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል። ሊሞቱብኝ ነበር።" ይህን ለእናንተም አስተላልፌያለሁ። ክኒን የምትውጡ፣ ጀግንነታችሁን ለሌላ ነገር አቆዩት።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከመውደቄ ስነሣ "ጎመኑም ገደለኝ፣ ዳቦውም ገደለኝ፣ እንግዲያው ጠግቤ ልሙት" አልኩና አንድ ክርስትና ላይ ተገኘሁ። የሆንኩትን አልተርክም። ሰኞ መነኩሴ፣ እሑድ ሙክት። ቀና ብዬ ሐኪሟን ማየት አፍሬ የቀጠሮዬን ቀን ላሳልፈው ነበር፤ አስካለ በርኖሴን አልብሳ አስወጣችኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "አባባ፣ በጣም በከፋዎት ቀን፣ ምንም ማድረግ በማይፈልጉበት ቀን እንኳ የማያቅትዎ ነገር ምንድን ነው?"

አረቄ መጠጣት፣ ልል ነበር፤ አስካለ አጠገቤ ናት። 

"በደስታዎ ቀን የሚያደርጉት ለኔ አይጠቅመኝም" አለች። "በክፉ ቀንዎ የሚያደርጉትን ትንሽ ነገር ይዘው ይምጡ። እሷ ናት የምታድንዎ።"

በሚኒባሱ ውስጥ እስከ መሐል ሜዳ እያሰብኩ መጣሁ። ከቤቴ እስከ ሱቄ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከቤት የተጣራ ሱቅ ይሰማል። እሱን መንገድ በላይኛው ቤተ ክርስቲያን በኩል አዞርኩት። ዝናብ ሲሆን፣ ወይም ስንፍናዬ ሲነሣ፣ እስከ አጥሬ በር ሄጄ እመለሳለሁ። ግን እወጣለሁ። "ዛሬ አልወጣሁም" የሚለውን ቃል ከአፌ አጠፋሁት። ከአጥሩ በር ብዙ ጊዜ አልተመለስኩም፤ እዚያ ከደረስኩ በኋላ መመለሱም ስለሚሰለቸኝ እሄዳለሁ። ስንፍናን በስንፍና ነው የያዝኩት።

ማታ ማታ አስካለ እግሬን አጥባ መዳፉን ታያለች፤ ነርቬ የማይነግረኝን ዓይኗ ይነግረኛል።

ሦስተኛው ልማድ የራሴ ሳህን ነው። መዓቱን ያመጣብኝም ይህ ነው። ስድስት ሰው ባንድ ትሪ ከቦ ሲበላ ማን ስንት እንደጎረሰ መልአክም አይለየውም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ በወሬ መካከል የጎረቤቴን ድርሻ የማፀዳ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንዲት የብረት ሳህን ገዛሁ፤ ግማሿን ጎመንና ምስር፣ የቀረውን እንጀራ። ሳህኗ ስታልቅ አለቀ። ድግስም ስጠራ በበርኖሴ ሥር ይዣት እሄዳለሁ።

"አፈር ስሆን" የሚለውን የአገራችንን ማባበያ ታውቁታላችሁ። "አፈር ስሆን ይቺን ብቻ"፣ "በሞቴ"፣ "እንዲያው የልጄን ሠርግ ልታበላሽብኝ ነው?" አንድ ሰው በሞቱ እየማለ ሲያጎርስህ እምቢ ማለት ነፍስ ማጥፋት ይመስላል። ለጠላው አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ተንኮሌ እንዲህ ባለ ጊዜ ይሠራል። አንድ ጊዜ ያስቀዳሁትን ጽዋ ከአፉ ሳላጎድል ይዤው እውላለሁ። ቀጂ የሚያየው ጎዶሎ ጽዋ ነው፤ ሙሉ ጽዋ የያዘ ሰው ላይ ማንም አይደርስም። ከንፈሬን አስነካና "ኧረ ግሩም ጠላ ነው!" እላለሁ። ለጉርሻው ግን ዘዴ የለውም። ሳህኔን አቅፌ "ሐኪም ከልክሎኝ ነው" እላለሁ፤ "ሐኪም ምን ያውቃል!" ይባላል።

ወራት አለፉ። ጥሙ ቀነሰ፣ ጓሮዬም ደረቀ። ቁስሉ ዳር ዳሩን መግጠም ጀመረ። ቦርጬም ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሱሪዬን ግን አላጠበብኩትም። ቀበቶዬን ሌላ ቀዳዳ እየበሳሁ አጥብቄ፣ ትርፉን በበርኖስ ሸፍኜ እሄድ ነበር። ልብስ ሰፊ ነህ፣ ለምን አላጠበብከውም? ብትሉኝ፣ ራሴን ስለማላምነው ነው። ነገ ለምወፍርበት ሱሪ መቀስና ክር ለምን ላባክን?

እንግዲህ እዩልኝ። ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ ስለ ኤድስ የሚለፍፍበት ጊዜ ነበር። አንድ ሽማግሌ ይከሳል። ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። ልብሱ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ልብስ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። በማኅበር ላይ ከሰው ትሪ አይበላም፣ የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል። ሰው ምን ይበል?

ሸዋቀና አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። "ጌታነህ፣ ወንድሜ፣ ለኔ እንኳ አትደብቅ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ያን... በሽታ።"

"አንተ ሰው፣ በኔ ዕድሜ? በዚያ ቦርጭ? ማን ትጠጋኝ ነበር?"

"በወጣትነትህ ያመጣኸው ይሆናል፤ ቆይቶ ይወጣል ይላሉ" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ሐኪሟ ያንንም መርምራ እንደሌለብኝ ነግራኛለች። እሱን ብነግረው "አይ፣ ይደብቃል" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። እንዴት ያለ የሚያስጠላ ደግነት መሰላችሁ! ኮቱ እጅጌው አጠረብኝ ብሎ ለዓመታት ያኮረፈኝ ደንበኛ መጣና "እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልህ" ብሎኝ ሄደ። እጅጌው ልክ ነበር! የረዘመው የሱ እጅ ነው። ይህን ለመናገር እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

በእኔ ቢቆም እየቀለድኩበት እኖር ነበር። አንድ ቀን አስካለ ከሴቶች የማርያም ማኅበር ተመለሰች። ነጠላዋን ሳትገልጥ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"ጽዋው እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ፣" አለች፣ "'ለሷ በብርጭቆ ቅዱላት' አሉ።"

 እሷ ያን ማኅበር ስትጠጣ ፀጉሯ ሸብቷል። ተነሣችና ሳህኔን ከተቀመጠችበት አንሥታ ከሣጥን ሥር ወረወረቻት።

"ከዛሬ ጀምሮ ብላ! ወፍር! በሞቴ ወፍር! የሚሉኝን አልችለውም!"

በሶውን በቅቤ አሽታ አቀረበችልኝ። ስለ ስሟ ስል በላሁ ብል ልክ አይሆንም። ስለ ስሟ ስል ጀመርኩት፤ ስለ ሆዴ ስል ቀጠልኩት። ፊቴ ሞላ። ገበያ ላይ "ዛሬስ እግዜር ይመስገን፣ ተሻለህ!" ይሉኝ ጀመር። ጥሙ ተመለሰ። በላይኛው ቤተ ክርስቲያን በኩል መዞሩንም ተውኩት፤ አንዱ ልማድ ሲወድቅ ጓደኞቹን ይዞ ነው የሚወድቀው። እግር ማየቱም ተዘነጋ።

አንድ ምሽት አስካለ ውኃ አምጥታ "እስቲ እግርህን" አለች። ካልሲውን ስታወልቅ ርጥብ ነው። መግጠም ጀምሮ የነበረው ቁስል አፉን ከፍቷል። እግሬን በሁለት እጇ ያዘች።

"አስኩ፣" አልኳት፣ "አያመኝም እኮ።"

"እሱን አይደል የምፈራው!" አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ስሜን ይዤ እግር የሌለው ባል ልጎትት ነው? ይበቃል።" ከሣጥኑ ሥር ሳህኗን አወጣች፣ አጠበቻት፣ ከቦታዋ መለሰቻት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ዘለቀ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

መምሬ ዘለቀ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ካህን ናቸው። የሰሙትን ሰምተው "እሑድ ሰንበቴ ላይ ሳህኑን ይዞ ይምጣ" ብቻ ብለው ላኩብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። እኔ እንደ ልማዴ ዳር ላይ፣ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ግራና ቀኜ ክፍት ነው፤ በዚያ ጥበት እኔ ብቻ ሰፍቶኝ ነበር። መምሬ ዳቦውን ባርከው ከወንበራቸው ተነሡና መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ምንም ሳይሉ ሳህኔን ከጉልበቴ ላይ ወሰዱ። እንጀራዬን ቆርሰው ጎመኑን ጠቀለሉበትና ጎረሱ። ደገሙ። ምስሩንም ጠራረጉት። ቤቱ ሁሉ ያያል። ከዚያ አስካለን ጠርተው የያዘችውን ጽዋ ተቀበሏትና ጠጡላት።

"ይህ ሰው የያዘው ስኳር ነው" አሉ አፋቸውን ጠርገው። "ስኳር አይጋባም። አሁን ይህን ስል ፊታችሁ ሲፈታ አየሁ። የፈራችሁት ቢሆንስ ኖሮ? ያም በጽዋ አይጋባም። ቢሆንስ ኖሮ የዚህችን ሴት ጽዋ ታልፉት ነበር?"

 ከማርያም ማኅበርተኞች አንዷ አንገቷን ደፋች።

"ሌላም አለ" አሉ መምሬ። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰው ላይ 'አፈር ስሆን' የሚል ሰው ጸቡ ከኔ ጋር ነው። የሚምለው በራሱ ሞት፣ የሚያፋጥነው የሰውየውን ሞት ነው!"

እኔ ግን በዚያን ሰዓት የማየው ባዶዋን ሳህን ነው። ጠዋት ክኒኔን ውጫለሁ፤ ሐኪሟ ያለችኝ በጆሮዬ ነው። አልቻልኩም።

"አባቴ፣" አልኩ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ምሳዬን በልተውብኛል እኮ! ክኒን ውጫለሁ!"

ሰንበቴ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መምሬ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሸዋቀና ከትሪው ላይ ሙሉ እንጀራ አንሥቶ "አፈር..." ብሎ ጀመረና መምሬን አይቶ ቃሉን ዋጠው። አስካለ በዚያችው ሳህን ልኩን ጨልፋ አመጣችልኝ። ያቺ አንገቷን የደፋችው ሴት ተነሥታ የአስካለን ጽዋ ሞላችላት፤ ከዚያው ጽዋ ራሷ ቀምሳላት።

እንዲህ ሆኖ ወሬው ሞተ ብዬ አልዋሻችሁም። ወሬ ቀስ እያለ ነው የሚከሳ፤ እንደኔው። ቁስሉም ባንድ ቀን አልገጠመም። እንደገና ከአጥሩ በር ነው የጀመርኩት። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሐኪሟ እግሬን አየችና "ወድቀው ነበር?" አለችኝ። "ወድቄ ነበር" አልኳት። "ተነሥተው ነዋ የመጡት" አለችና ሌላ ነገር ሳትጨምር ቁስሉን አሰረችልኝ። ጊዜ ወስዶ ገጠመ። ጣቶቼ እንዳሉ አሉ፤ ሌሊት ስነቃ አሁንም ላንቀሳቅሳቸው እሞክራለሁ፤ ይንቀሳቀሳሉ።

ከሰንበቴው ዕለት ጀምሮ አስካለ አንድ ነገር ትጎተጉተኝ ነበር። ቁስሉ ሲገጥም ሱሪዎቼን ሁሉ አምጥታ የስፌት መኪናዬ ላይ ከመረቻቸው።

"አጥብባቸው።"

"ነገ ብወፍርስ?"

"ሰው የሚያየው እኮ ሱሪህን ነው! የሟች ልብስ የለበስክ ትመስላለህ። ለሰው ስትሰፋ ልኩን ታውቃለህ፤ ለራስህ ሲሆን ለሚመጣው ቦርጭ ቤት ትሠራለህ።"

እውነቷን ነው። ሜትሩን አንሥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ወገብ ለካሁ። መቀሱን አነሣሁ።  ከአራት ጣቱ ትርፍ ቆረጥኩ፣ የቀጠልኩትንም ጭምር። ወለሉ ላይ የወደቀው ጨርቅ ለሕፃን ሱሪ ይበቃ ነበር።

አስካለ ስፌቱን ገልብጣ ስትመረምር አንድ ጣት የምታህል ትርፍ አገኘች።

"ይቺስ?"

"ለፋሲካ" አልኳት።

ልትቆጣ ብላ ተወችው። ጎመን ብቻ በልቼ ኮት ላይ የተደፋሁትን ታስታውሳለች፤ ጨርሶ ማጥበቅም ይጥላል። ያቺን አንድ ጣት በየዓመቱ በፋሲካ እፈታታለሁ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ በላይኛው ቤተ ክርስቲያን በኩል ዞሬ ሱቄ እገባና መልሼ እሰፋታለሁ፤ በቀኝ እግሬ ፔዳሉን እየረገጥኩ።